ሊጡን ጠብቂልኝ

እትየ ዘነቡ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰሊጥ መጋዘን ደክሞኝ ስገባ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ዘንድሮ መብራቱ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ የስልኩም ነገር እንደዚያው ነው። የልጅ ልጄ ሳራ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማማ፣ ከእስራኤል ድምፅ ተልኮልሻል። ሴትየዋ ታለቅሳለች። ወላሂ አልከፈትኩትም፣ ትንሽ ብቻ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

የልጃቸው የትርንጎ ድምፅ ነው። «ባንቹ፣ እማዬ ዐረፈች። ፋሲካችን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ልቅሶ ብቻ ነው።

እንባዬ ዘግይቶ መጣ። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ዋሽቼ ምን ላተርፍ? «በቃ፣ ከእንግዲህ የምነግራቸው ሰው የለም፤ ተገላገልኩ» ነው ያልኩት በሆዴ። ለእኒያ ሴት መናገር የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ነገ እነግራለሁ ስል ኖሬ፣ ሳልነግራቸው ሞቱ። እንግዲህ ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለማንም ይሁን፣ እዚህ ልናገረው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱና ረሀቡ ከመተማ በላይ ካለው አገራችን ነቅሎን፣ ከዶካ መንገድ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኛ ሰፈር ነበርን። ሣር በሣር ላይ የተደገፈበት፣ ራኩባ የሚሉት ጎጆ፣ መሬቱ በክረምት ጉልበት የሚውጥ ጥቁር ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ። አባቴ ባሱንዳ የእርሻ መሬት ለማጽዳት ሄዶ በየወሩ አንዴ ይመጣል። ከእናቴ ጋር ሁለታችን ነን። ከእኛ ጋር በአንድ የሣር ግድግዳ የሚዋሰኑት ደግሞ አያ ታከለ፣ ባለቤታቸው እትየ ዘነቡ፣ እኩያዬ ትርንጎና ታናሽ እኅቷ ነበሩ።

ደግ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ግን ጠባያቸው ለየት ይላል። ቅዳሜ እሳት አያነዱም። እትየ ዘነቡ ከራሽን ሰልፍ በተመለሱ ቁጥር፣ ውኃ እንደዚያ በጠፋበት አገር፣ ገላቸውን ሳይለቃለቁ ቤት አይገቡም። ትርንጎ ከእኛ ቤት እህል አፏ አይገባም። ፀጉር እንሠራራለን፣ ውኃ አብረን እንቀዳለን፣ አንድ ጥላ ሥር ተኝተን እንስቃለን፤ እናቴ ገበታ ስታቀርብ ግን ትርንጎ ሆዷን ይዛ «አሞኛል» ትላለች። ሁልጊዜ ያማታል። እኔ ጅሏ፣ እውነት በሽተኛ መስላኝ እጸልይላት ነበር። እናቴ አሁን ሳስበው ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት «ሰው የየራሱ ጠባይ አለው፤ አንቺ የሰው ቤት ምን አገባሽ?» ብላ ዘጋችኝ።

ቤተ እስራኤል ነበሩ። ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ በዚያ ሰፈር ይህ ከታወቀ ከሰውም ከመንግሥትም መከራ ነው። ኢየሩሳሌም ለመግባት ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች፣ እስኪጠሩ ድረስ እንደ ማንም ክርስቲያን ስደተኛ ሆነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይኖሩ ነበር።

የሚያዝያ ወበቅ ነው። እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት እትየ ዘነቡ የእርሿቸውን ማሰሮ ይዘው ወጥተው ከራኩባው ጀርባ ሲደፉት አየሁ። «እትየ፣ ምነው?» ብላቸው፣ ደንገጥ አሉና «ተበላሸብኝ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቤቱን ሙልጭ አድርገው ጠረጉ። ምንጣፉን አራገፉ፣ ጆንያውን ገለበጡ፣ የወደቀች ፍርፋሪ ሳይቀር ለቀሙ። ሦስት ቀን ቆሎ ብቻ በሉ። ከዚያ ቂጣ ጀመሩ። በበርሜል ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርገው የሚጋግሩት ቂጣ፣ ጨው የለው፣ ወጥ የለው፤ ትርንጎ ስታኝከው ድምፁ እኔ ዘንድ ይሰማል።

ቂጣው በገባበት ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በግድግዳው በኩል አያ ታከለ ሲናገሩ ሰማሁ። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት፤ የሰው ቤት ምን አገባሽ የተባልኩት ለካ በከንቱ ነው። በግብፅ ስለነበረው ባርነት ነው የሚያወሩት፤ ግን ራሳቸው እዚያ ጭቃ ሲረግጡ የኖሩ ይመስል «ጀርባችን ላይ ጅራፉ እያረፈ» ይላሉ። እግዚአብሔር በአንድ ቀን ተነሡ እንዳላቸው፣ ሊጡ ሳይቦካ በትከሻ ተሸክመው እንደወጡ፣ ቂጣው የዚያ የችኮላ እንጀራ መታሰቢያ እንደሆነ ነገሯቸው።

«አባ፣ በጉስ የታለ?» አለች ትንሿ።

«ዘንድሮ በግ የለም ልጄ። አገራችን ሲሆን ቄሱ በጉን ያርዳል፣ ደሙ በጸሎት ቤቱ መቃን ላይ ይቀባል። ቀሳፊው መልአክ በግብፅ ደሙን እያየ ነው ያለፈን።»

«እኛ ጋ እንዳይመጣብን በምን ያውቀናል ታዲያ?»

በር የላቸውም፤ በር ላይ የተሰቀለው የዱቄት ጆንያ ነው። «እግዚአብሔር ጆንያውንም ያውቀዋል» አሏት አያ ታከለ። በቀዳዳ ሳይ ቆመው ነው የሚበሉት፤ ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው፣ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው፣ ዱላ ይዘው። መንገድ ሊሄዱ ነው፣ ትርንጎን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ልቤ ቁርጥ አለ። በነጋታው እዚያው ስላየኋቸው እንዲያው የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

እንዴት አልገባሽም ትሉኝ ይሆናል። ሙሴንና ፈርዖንን እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንሰማ አድገናል፤ ታሪኩን ሰምተን ወደ ቤታችን ሄደን የቦካ እንጀራችንን እንበላለን። ታሪክ እስከ ቡሃቃ ድረስ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። እኔ የያዝኩት እትየ ዘነቡ የነገሩኝን ነው፤ እርሿቸው ተበላሽቷል፣ ኩሩ ስለሆኑ ሰው አይለምኑም። በቃ ይኼው ነው። አንጀቴን በሉኝ።

ቂጣው በገባ በአምስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። እትየ ዘነቡ የቀረችውን ዱቄት በሙሉ ለቅዳሜና ለቀሩት ቀናት ብለው ለውሰው፣ ቆርቆሮውን እሳት ላይ ሊጥዱ ሲሉ የሰፈሩ ጠባቂዎች ለቆጠራ ጠሩ። ያ ቆጠራ የሚሉት ነገር መጥፎ ነው፤ ራሱ መጥቶ ያልቆመ ሰው ካርዱ ይሰረዛል፣ ካርዱ የተሰረዘ ራሽን የለውም። የእኛ ረድፍ ጠዋት ተቆጥሮ ጨርሶ ነበር። እትየ ዘነቡ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ እኔ መጡ።

«ባንቹ፣ እኔ አሁን ደርሼ እመለሳለሁ። ፍየል እንዳይገባበት ሊጡን ጠብቂልኝ።»

«እሺ እትየ።»

«ልጄ፣ ብቻ ምንም እንዳይነካው።»

ሄዱ። ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ነጭ ሊጥ ቡሃቃው ውስጥ ተኝቷል። አየሁት፣ አየሁት፣ ትርንጎ ያንን ደረቅ ነገር ስታላምጥ ታየችኝ። ከዚያ ብድግ ብዬ ገባሁና የእናቴን እርሾ በጣሳ ቀዳሁ። እናቴን አላስፈቀድኩም፤ ቅዱስ ሥራ የምሠራ መስሎኝ ነበር። ሊጡ ላይ አፈሰስኩና በእጄ አሸሁት፣ ከደንኩት፣ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ለካ ደስታም እንዲህ ያለ አለ! ሲመጡ የሚሉትን በልቤ እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

አሁን ደርሼ እመለሳለሁ ያሉት ሴት እኩለ ቀን አልፎ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልመጡም። በዚያ ወበቅ ሊጡ ምን ይጠብቃል? ክዳኑን ስከፍተው አረፋ ይዞ ኩፍ ብሏል። ቀድማ እየሮጠች የመጣችው ትርንጎ ናት። እናቴን ሳልጠይቅ ያመጣሁት ነውና ጣሳውን ከቀሚሴ ሥር ሸጎጥኩት። ትርንጎ ሊጡን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ወዲያው እናትና አባቷ ደረሱ።

እትየ ዘነቡ ክዳኑን አንስተው ክው አሉ። እኔ ምርቃት እየጠበቅሁ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አሉና «ቡሃቃው ነው» አሉ። «ታከለ፣ ቡሃቃው ነው! ለፋሲካ አሮጌውን ሰብረሽ አዲስ ግዢ ብለህ ዶካ ላክኸኝ፤ ለልጆቹ ስኳር ገዛሁበት። በአመድ ባሸው ይነጻል ብዬ… የከረመው እርሾ ከሸክላው ወጥቶ ነው። እኔ ነኝ!»

አያ ታከለ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ከቤት ይውጣ» አሉ ብቻ። በዚያ ሰባት ቀን የቦካ ነገር ቤታቸው ውስጥ ማደር የለበትም፤ ሕጋቸው ነው፣ ይሙቱ እንጂ አይበሉትም። አሁን አፌን ልክፈት ስል፣ እትየ ዘነቡ ቡሃቃውን ታቅፈው ወጡና ከነሊጡ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጡት።

አገር ምድሩ ከቆጠራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። የአንድ ቤተሰብ ሊጥ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ልጆች ሮጠው በእጃቸው ያፍሱት ጀመር፣ ከነአፈሩ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከሰዉ መሐል ወጥታ «በእግዜር፣ ከምትደፊው ለልጄ አትሰጪኝም ነበር?» አለቻቸው። እትየ ዘነቡ አለቀሱ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ጥጋብ ነው አለ አንዱ፣ እብደት ነው አለ ሌላው። አንድ ሰውየ ግን ሊጡን አየ፣ የተሰበረውን ሸክላ አየ፣ ራኩባው ደጃፍ ያለውን ቆርቆሮ አየ። «ጥጋብ አይደለም። እኔ ከእነሱ ጋር ነው ያደግሁት፤ ቂጣ ከያዙ አምስት ቀናቸው ነው። ፈላሾች ናቸው» አለ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

እናቴ ከገበያ እንደገባች የእርሾዋን ማሰሮ ከፈተች። አየችኝ። እጄን ይዛ አሸተተችው። በሕይወቴ እንደዚያ ተመትቼ አላውቅም። «ሄጄ ልንገራቸው» ብዬ ስነሣ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ነግረሽ ምን ልታደርጊ? ሰዉ እንደሆነ አውቋል። እናንተም ከእነሱ ናችሁ ተብለን ካርዳችን ቢሰረዝ ማን ያበላሻል? አፍሽን ያዢ!» አለችኝ። ያዝኩ። በእናቴ ላላክክ ግን አልችልም፤ እሷ ያን ዕለት ነው የከለከለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አፍ የያዝኩት እኔው ነኝ።

እሑድ ከሰዓት ሁለት የመንግሥት ሰዎች በመኪና መጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። «ሊጥ የደፋው ማን ነው?» አሉ በአረብኛ። እትየ ዘነቡ ወጥተው «እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰዱኝ» አሉ። የወሰዱት አያ ታከለን ነው፤ ማን እንደሚያሻግራችሁ ተናገር እያሉ። አያ ታከለ ጫማቸውን አድርገው፣ ልጆቻቸውን ስመው፣ በግድግዳው በኩል ለእኛም «ደኅና ሁኑ ጎረቤቶች» ብለው ሄዱ። ከሃያ ቀን በኋላ ወባ ገደላቸው የሚል ወሬ ብቻ መጣ። አስከሬናቸውን ያየ የለም።

ልቅሶ ሄድን። የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነበር፤ እናቴ ግን ሄደች፣ እኔንም ይዛ። እትየ ዘነቡ መሬት ላይ ተቀምጠው ለገባው ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚናገሩት፤ «በእጄ ገደልኩት። በስኳር ለወጥኩት።» ትርንጎ አጠገባቸው ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። እኔ ከእሷ ቀጥዬ ተቀምጫለሁ። አንድ ቃል! አንድ ቃል ብናገር ያቺ ሴት ራሷን መርገም ታቆም ነበር። እኔን ትረግም ነበር፤ ትርገመኛ! አልተናገርኩም። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት ራኩባቸው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ተራቸው ደርሶ ሄደዋል።

ከዚያ ኑሮ ነው። ገዳሪፍ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ሰሊጥ አበጥሬ ልጆች አሳደግሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የባሌ ወንድም ልጅ ቴል አቪቭ ከትርንጎ ጋር ተገናኝቶ ስልኬን ሰጣት። ስትደውል ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ትደውላለች። የእነሱን ፋሲካ የተረዳሁትም ከእሷ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሥርዓቱ ሌላ ሆኖ እንደጠበቃቸው ነገረችኝ፤ ሴደር ይሉታል። ገበታው በተርታ ነው፣ ወይኑ አራት ጊዜ ይጠጣል፣ ከቤቱ ትንሹ ልጅ ይህ ቀን ከሌላው በምን ይለያል ብሎ ይጠይቃል፣ አዋቂው ከግብፅ መውጣቱን እያነበበ ይመልሳል። ለእንባቸው የጨው ውኃ፣ ለባርነቱ መራራ ቅጠል ይቀመጣል። ቂጣው እንኳ በካርቶን ከሱቅ ይመጣል አለችኝ፣ እየሳቀች።

«እማዬ ግን» አለች፣ ሳቋ ጠፍቶ፣ «መራራው ቅጠል ሲዞር ሳህኑን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ሰው ለምልክት ነው የሚቀምሰው፣ እሷ ትጨርሰዋለች። ይኼ የእኔ ድርሻ ነው ትላለች። የልጅ ልጆቿ ይስቃሉ። ለምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አምና በፋሲካቸው ማግሥት ደግሞ «እማዬ ልታናግርሽ ትፈልጋለች» ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ የጎንደሩ አነጋገር ግን እንዳለ ነው። «ባንቹዬ፣ አለሽ? በዚያ ፀሐይ ተቀምጠሽ ሊጤን የጠበቅሽልኝ ልጅ! አንቺስ በደንብ ጠብቀሽልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዘርሽ ይባረክ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። አፈር በበላሁ! አሜን ነው ያልኩት።

እንግዲህ የመርዶው ማግሥት ሳራን ሱቅ ልኬ ለትርንጎ ደወልኩ። ብዙ ጊዜ እየተቆረጠ ነው የገባው። አጽናናኋት፣ አለቀስን። ከዚያ ትንፋሼን ስቤ «ትርንጎ፣ እርሾውን ሊጡ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ጣሳው ከቀሚስሽ ሥር ይታይ ነበር። እርሾው እግርሽ ላይ ፈስሶ ነበር።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?»

«መጀመሪያ እንዳይመቱሽ ብዬ ነው፤ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝማ። ከዚያ አባቴ ሞተ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበላት? ያን ሁሉ ጊዜ አውቀሽ ዝም አልሽኝ ብትለኝስ?» ድምፅዋ ቁጣ እንኳ የለበትም። «አንቺ ትነግሪያታለሽ ብዬ ነበር ባንቹ። አምና ስልኩን የሰጠኋት ለዚያ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ጠበቅሁ። አሜን ስትዪ ሰማሁሽ።»

ሰባቱ የቂጣ ቀናት ዛሬ አለቁ። ትርንጎ አልደወለችም፤ እኔም በምን አፌ እደውላለሁ? ሳራ «ተጣላችሁ እንዴ እማማ?» ትለኛለች። አልተጣላንም። ልጅ ሆኜ ለሠራሁት ይቅርታ አይጠፋም ነበር፤ ያን ልጅነት ነው፣ ርኅራኄ ነው ብሎ የሚምር ሰው አይጠፋም። አምና ግን ልጅ አልነበርኩም። ሴትየዋ በሕይወት ነበሩ፣ ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፣ የከለከለኝም ሰው አልነበረም።